መተማ የምትባል መርከብ ብትኖረን

የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ አባቶችና እናቶች፤ መምህራንና ተማሪዎች፤

መተማ የምትባል የጦር ጀልባ ነበረች። የእንግሊዙ የጦር አዛዥ ኪችነር እ.ኤ.አ. ከ1896 እስከ 1898 የሱዳንን ድርቡሽ ለመውጋት በዓባይ ላይ ካሰለፋቸው፣ በእንፋሎት ከሚሄዱና መድፍ ከተጠመደባቸው ጀልባዎች አንደኛዋ ስሟ መተማ ነበር። እህቶቿ ተማይ፣ አቡ ክሌዓ እየተባሉ እንግሊዞች ከድርቡሽ ጋር በተዋጉባቸው ቦታዎች ስም ይጠሩ ነበር። ቶሎ እንዳትደሰቱ ግን ልንገራችሁ፤ ያቺ መተማ የእናንተ መተማ አይደለችም። ከሸንዲ ማዶ፣ በዓባይ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው የሱዳኗ መተማ ናት። ስለዚህ አንኮራባትም፣ አንቀየምባትም። ለእኔ የጠቀመችኝ አንድ ጥያቄ በማንሣቷ ነው። ይህቺኛዋ መተማ፣ የእናንተዋ፣ በስሟ የምትጠራ መርከብ ቢኖራት በመርከቧ ላይ የሚሰቀለው አርማ ምን ይመስል ነበር?

ባሕር ከየት መጥቶ ነው የምትሉ አላችሁ። ሁለት መልስ አለኝ። አንደኛው፣ ጓንግ ከዚህ ወርዶ አትባራ ይባላል፤ ከተከዜ ጋር ተደባልቆ ዓባይ ውስጥ ይገባል፤ ዓባይም ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ውኃችሁ ባሕር ያውቃል። ሁለተኛው መልስ ይበልጣል። የመርከብ አርማ ለባለ ቤቱ አይሰቀልም። ባለ ቤቱ መርከቡን ያውቃታል። አርማው የሚሰቀለው ከሩቅ ለሚያይ፣ ወዳጅ ትሁን ጠላት ላልለየ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ነው። የመተማ ሰው ደግሞ ከዚህ ዓይነቱ እንግዳ ጋር ሲኖር ዘመናት አልፈዋል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዚህ ገበያ ሹማምንት የነበሩት የተክሩር ሼኮች ለሀበሻውም ለቱርኩም፣ ማለት በሱዳን ለተቀመጠው የግብፅ መንግሥት፣ ግብር እየከፈሉ ገበያቸውን አቆይተዋል። ለማን ምን ምልክት እንደሚታይ ያላወቀ ሰው እንዲህ አድርጎ አይኖርም። ስለ መርከብ አርማ ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ ፈረንጆቹ ይህን ነገር እንዴት እንደሚሠሩት በአጭሩ ልናገር።

የአውሮፓ አርማ ከጦር ሜዳ የተወለደ ነው። ፈረሰኛው ፊቱን በብረት ሲሸፍን ማን መሆኑ አልለይ አለ፤ ስለዚህ ጋሻው ላይ ሥዕል ሣለ። ሥዕሉ ከአቧራው ውስጥ፣ በፈረስ ግልቢያ መካከል፣ ከሩቅ መነበብ ነበረበት። ከዚህ ችግር አንድ ሕግ ወጣ። ቀለሞች በሁለት ወገን ተከፈሉ፤ ወርቅና ብር፣ ማለት ቢጫና ነጭ፣ ማዕድን ተባሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ተባሉ። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለምም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ውበት አይደለም፤ ከሩቅ ስለማይለይ ነው። ቢጫ በነጭ ላይ ብታስቀምጡ ሁለት መቶ እርምጃ ሳትርቁ ይጠፋባችኋል። የእኛን ሰንደቅ ዓላማ በዚህ ሚዛን አስቀምጡት። አረንጓዴና ቀይ ሁለቱም ቀለም ናቸው፤ ቢነካኩ ሕግ ይጥሱ ነበር፤ በመካከላቸው ግን ወርቁ ገብቶ ለያቸው። የአውሮፓን ደንብ ሳናይ ደንቡን አሟልተናል።

መርከብ ላይ ግን ነገሩ ዘግይቶ ነው ሥርዓት የያዘው። በድሮ ዘመን በመርከብ አፍንጫ ላይ ከእንጨት የተጠረበ ምስል ይቆም ነበር። የብረት መርከብ ሲመጣ ምስሉ ቀረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የእንግሊዝ መርከቦች እያንዳንዳቸው እንደ አዛዣቸው ፍላጎት አርማ ያወጡ ጀመር፤ ተዘበራረቀ። በ1918 እ.ኤ.አ. የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት የአርማ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ በለንደን ግንብ የጥንት ጦር መሣሪያ ጠባቂ የነበረውን ቻርልስ ፎልክስን አማካሪ አደረገው። እሱም ቅርጹን ሳይቀር ደነገገ። የታላላቆቹ የጦር መርከቦች አርማ ክብ፣ የክሩዘሮቹ ባለ አምስት ማዕዘን፣ የዲስትሮየሮቹ የጋሻ ቅርጽ፣ የቀሩት ደግሞ የአልማዝ ቅርጽ እንዲሆን። ዙሪያውን የገመድ ጥብጣብ፤ ከላይ ደግሞ የመርከብ ኋላና ሸራ እየተፈራረቁ የቆሙበት ዘውድ። ይህ ዘውድ ከሮማውያን የመጣ ነው፤ በጠላት መርከብ ላይ ቀድሞ ለዘለለ ወታደር ይሸልሙት ነበር።

አርማው የሚቀመጥበት ቦታም ትርጉም አለው። እንግዳ በሚወጣበት መሰላል አጠገብ ይሰቀላል፤ መድፉ በማይተኩስበት ጊዜ በአፉ ክዳን ላይ ይታያል። ፈረንሳዮች የመድፍ አፍ ክዳን ቅጂ እንደ ቴምብር ያጠራቅማሉ። መርከብ ወደብ ስትገባም አዛዡ የአርማውን ቅጂ በጣውላ ላይ አድርጎ ለከተማው ሹም ያበረክታል። መድፉ ተዘግቶ፣ ሥዕሉ ለአስተናጋጁ ሲሰጥ አስቡት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ አገራችን።

ጋሻ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የጎሽና የጉማሬ ቆዳ ጋሻ፣ ከፋይ የለበሰ፣ በብር የተለበጠ ጋሻ ነበረን። ነገር ግን የእኛ ጋሻ የባለቤቱን ማዕረግና ሽልማት ይናገራል እንጂ የማን ወገን እንደሆነ በሥዕል አይናገርም። አንበሳውንም በጋሻ ላይ አልሣልነውም፤ ጎፈሩን ገፍፈን በራሳችን ላይ ደፋነው። ሥዕሉ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው፤ በማኅተም ላይ። የእኛ የአርማ ጥበብ የማኅተም ጥበብ ነው። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ዋናው ነገር ይኸው ነው። ማኅተም በእጅ ተይዞ፣ በብርሃን ተጠግቶ የሚነበብ ነገር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ይጫንበታል። አንበሳ፣ ዘውድ፣ መስቀል፣ በዙሪያው የንጉሥ ስም፣ የማዕረግ ስም፣ የሃይማኖት ቃል። ጋሻ ግን ከሩቅ የሚታይ ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ይሸከማል። መርከብ የምትፈልገው ጋሻን ነው። እኛ የያዝነው ማኅተምን ነው።

የቋራው ልጅ ካሳ ኃይሉ ይህን ቆላ ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። እዚህ ሸፍተዋል፤ እዚህ ሠራዊት አደራጅተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1848 ወደ ሱዳን በኩል ደባርቂ ላይ ከግብፆች ጋር ገጥመው መድፍ ምን ማለት እንደሆነ በገዛ ሠራዊታቸው ደም ተምረዋል። ነግሠው ቴዎድሮስ ከተባሉ በኋላ የነበራቸውን ማኅተም ብታዩ መካከሉ ላይ አንበሳ አለ፤ ጽሑፉ ደግሞ በእኛ ፊደልና በዐረብኛ ነው። ዐረብኛው ለማን ነው? ለወሎ ባላባት ወይም ለጎጃም መኳንንት አይደለም። ለጎረቤቱ ነው። የድንበር ሰው ማኅተም ነው፤ በሁለት በኩል ይናገራል። እኔ ከቴዎድሮስ ቅርስ ሁሉ፣ ከመድፋቸው ከሴባስቶፖልም ጭምር፣ ይህቺን ትንሽ ክብ ነገር አስበልጣለሁ።

የቴዎድሮስ ታሪክ መርከብ ላይ የወጣው ግን በጠላታቸው እጅ ነው። በእንግሊዙ ጄኔራል በናፒየር ዘመቻ ከመርከብ የወረዱ ባሕረኞች ሮኬት በበቅሎ ጭነው እስከ መቅደላ ድረስ ወጥተዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. በ1870፣ እንግሊዞች የቦምቤይን ወደብ የሚጠብቁ ሁለት ባለ ብረት ልብስ የጦር መርከቦች ባሕር ላይ አወረዱ። አንደኛዋ አቢሲኒያ፣ ሁለተኛዋ መቅደላ ተባለች። እያንዳንዳቸው በሁለት በሚሽከረከሩ የመድፍ ቤቶች ውስጥ አራት ትልልቅ መድፎች ነበሯቸው። በዚያን ጊዜ በደንብ የተደነገገ የመርከብ አርማ አልነበረም ብያለሁ፤ ስሙ ራሱ አርማ ነበር። መቅደላ የምትባለው መርከብ ለህንድ ወደብ ስትናገር የምትለው “ተራራ ላይ የወጣ ንጉሥ እንኳን ከእጃችን አላመለጠም” ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ቦምቤይ ላይ ቆማ ይህንኑ አለች። አንድም ጊዜ ግን የጦር ተኩስ አልገጠማትም። ፉከራ ያለ ጠላት።

ጣሊያኖችም እንዲሁ አደረጉ፤ እነሱ ደግሞ አበዙት። አገራችንን ከወረሩ በኋላ አንድ ዓይነት የሆኑ 17 ሰርጓጅ መርከቦችን ሠሩ፤ ዓይነቱን በአድዋ ስም ሰይመው፣ እያንዳንዳቸውን በእኛና በሶማሊያ ቦታዎች ስም ጠሯቸው። አክሱም አለ፣ ደሴ አለ፣ መቀሌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ዋቢ ሸበሌ አሉ። ጎንደርም አለ። ጎንደር የምትባለው ሰርጓጅ መርከብ በ1937 እ.ኤ.አ. ላ ስፔዚያ ላይ ባሕር ገባች። እ.ኤ.አ. በ1940 ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ፣ ሰው ተቀምጦበት የሚነዳ ፈንጂ ተሸክማ፣ በእስክንድርያ ወደብ የቆሙትን የእንግሊዝ መርከቦች ልትመታ ሄደች። ስቱዋርት የምትባል የአውስትራሊያ ዲስትሮየር አገኘቻት። በውኃ ውስጥ ቦምብ ስትቀጠቀጥ አድራ ገጽ ላይ ወጣች፤ የራሷ ሰዎች አሰመጧት። ልብ በሉ፤ ጎንደር ከተማ ራሷ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ስሟን የተሸከመችው መርከብ ከዚያ ከአሥራ አራት ወር በፊት ሰምጣለች፤ የሰመጠችውም ጓንግ በሚፈስበት ባሕር ውስጥ ነው። ከ17ቱ ጦርነቱን የፈጸመችው አንዲት አላጌ ብቻ ናት። የተቀማ ስም ገድ የለውም ብዬ አልደመድምም፤ ከእህቶቿ አንዷ ሽሬ በእስክንድርያ ወደብ ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ መርከቦችን የመቱትን ሰዎች አድርሳለች። የጣሊያን ባሕር ኃይል ዛሬም ሽሬ የምትባል ሰርጓጅ መርከብ አለችው። የሽሬ ሰው ይህን ያውቅ ይሆን?

እዚህ ጋ የመርከብ አርማ ከሌላው ምልክት የሚለይበትን ነገር እናያለን። መርከብ ትሰምጣለች፣ አዛዡ ይሞታል፣ ስሙና አርማው ግን ለሚቀጥለው መርከብ ይተላለፋል። ሰውን ተሻግሮ የሚኖር ምልክት ነው። ይህ የጎደለው ሠራዊት ምን እንደሚደርስበት ለመናገር ሩቅ አልሄድም፤ ከዚህ ከድንበሩ ከተማ፣ ስሟ መተማ ዮሐንስ ከሚባለው፣ አልርቅም።

ታሪኩን ከእኔ የበለጠ ታውቁታላችሁ። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል ነሥተው ጎንደርን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 አፄ ዮሐንስ ሠራዊታቸውን ይዘው እዚህ ወረዱ። ድርቡሽ በዘሪባ ውስጥ፣ በእሾህ አጥር ተከልሎ፣ በዘኪ ቱማል አዛዥነት ጠበቃቸው። የሁለቱን ወገኖች ምልክት ስታዩ የማኅተም ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም። በኢትዮጵያው በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም አንበሳ አለ። አንበሳው ከነገደ ይሁዳ የሆነው ድል ነሺ ነው፤ ከዮሐንስ ራእይ የተወሰደ፣ ክርስቶስን የሚመለከት ቃል። ስለዚህም ነው በኋለኞቹ ነገሥታት አንበሳው መስቀል የሚሸከመው። በማዶ በኩል ደግሞ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ሰንደቆች፤ ሥዕል የለባቸውም፤ ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ናቸው፤ የእስልምናው ምስክርነትና የድርቡሾቹ መሪ የነበረው መሐዲ የነቢዩ ወራሽ መሆኑን የሚናገር ቃል። ሁለቱም ቀርቦ ለሚያነብ የተሠሩ።

ከሩቅ የሚታየው የድርቡሾቹ ምልክት አንድ ነበር፤ ልብሳቸው። ጅባ የሚባለው ነጭ እጀ ጠባብ ላይ ባለ ቀለም ጥፍ ይሰፋበታል። መጀመሪያ ድሪቶ ነበር፤ መሐዲው ዓለምን መናቅን ሊያሳይ የለበሰው የድሃ ልብስ። ቆይቶ ግን ጥፎቹ በልክ፣ በግራና በቀኝ እኩል እየሆኑ ተሰፉ። ድህነቱ ዩኒፎርም ሆነ። እኔ በዚህ አካባቢ ከታዩት ምልክቶች ሁሉ ለመርከብ አርማ የሚቀርበው የጠላታችን ልብስ ነው ብል ቅር አይበላችሁ፤ ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚለይ፣ ያለ ጽሑፍ የሚናገር ነበር።

በእኛ በኩል ከሩቅ የሚታየው ምልክት ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ነበሩ። ዘሪባው እየተሰበረ፣ ድሉ ወደ እኛ እያጋደለ ሳለ በጥይት ተመቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው አንድ ሌሊት ውስጥ ነው። ሠራዊቱ ተፈታ፤ ያሸነፈ ጦር ወደ ኋላ ሄደ። ድርቡሾች ተከትለው አስከሬኑን ማረኩ፤ ራስ አርአያ አስከሬኑን ሲከላከሉ ወደቁ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ራስ ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ላኩት። ለምን ራሱን? ምልክቱ እሱ መሆኑን ስለተረዱ ነው። አርማው ሰው ሲሆን፣ አንድ ጥይት አርማውን ይጥለዋል።

ማዶ ያለውም አገር ከዚያ ዘመን አንድ ነገር በአርማው ላይ አስቀርቷል። የሱዳን መንግሥት አርማ ከነጻነት በኋላ አውራሪስ ነበር፤ ከኒሜሪ ዘመን ወዲህ ረጅም እግር ያለው፣ እባብ እያደነ የሚበላ ወፍ ነው፤ ደረቱ ላይ የመሐዲው ዘመን ጋሻ አለ። ከድልድዩ ማዶ ጋላባት ላይ የሚታየው ያ ጋሻ እዚህ ከወደቁት ሰዎች ክንድ ላይ የነበረው ዓይነት ነው።

ከመተማ ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ በዲንደር ወንዝ ዳር፣ ኦሜድላ አለች። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ድንበሩን የተሻገሩት እዚያ ነው፤ ሰንደቅ ዓላማውም እዚያ ተሰቀለ። የንጉሠ ነገሥቱ አንበሳ ከዚህ ቆላ ተነሥቶ በ15 ዓመት ውስጥ ባሕር ገባ ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1955 የንጉሠ ነገሥቱ ባሕር ኃይል ተቋቋመ። ምድቡ ምጽዋ፣ የመኮንኖቹ ኮሌጅ አሥመራ፤ ከአሠልጣኞቹ ዋነኞቹ ኖርዌዮች ነበሩ።

በ1954 ዓ.ም. አሜሪካኖች አንድ መርከብ ሰጡ። የባሕር አውሮፕላኖችን ለመንከባከብ የተሠራች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈች፣ 95 ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት ነበረች። ኦርካ ትባል ነበር፤ በአላስካ ካለ የባሕር ሰርጥ የተወሰደ ስም። እኛ ኢትዮጵያ አልናት። መርከቦች በወንዝ፣ በከተማ፣ በጀግና ስም ሲጠሩ ይህቺ የአገሪቱን ስም በሙሉ ተሸከመች። ባሕር ኃይሉ ከእሷ የሚበልጥ መርከብ አልነበረውም፤ መኮንኖቹም የሚሠለጥኑት በእሷ ላይ ነበር።

አርማዋ የመንግሥቱ ምልክት ነበር። የመንግሥቱን አርማ ታስታውሳላችሁ፦ የሰሎሞን ዙፋን፣ በግራና በቀኝ ሁለት መላእክት፣ አንዱ ሰይፍና ሚዛን፣ ሌላው በትረ መንግሥት የያዙ፤ ከላይ ዘውድ፤ ከታች አንበሳው ከነመስቀሉ፤ ጽሑፍ። ውብ ነው። ማኅተም ነው። ሰባት ስምንት ነገር በአንድ ላይ፤ በባሕር ላይ ከአንድ ኪሎ ሜትር ወዲያ ዙፋኑን ከመላእክቱ የሚለይ ዐይን የለም። በሰንደቁ ላይ ያለው አንበሳም ከዚህ አይሻልም፤ ወርቃማው አንበሳ በቢጫው መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ወርቅ በወርቅ። የሚነበብ እንጂ የሚታይ አልነበረም።

የንጉሠ ነገሥቱ የግል ሰንደቅ ደግሞ በአንድ ፊቱ አንበሳው፣ በሌላ ፊቱ ዘንዶውን የሚወጋው ቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር። በየዓመቱ ምጽዋ ላይ በሚከበረው የባሕር ኃይል ቀን የእንግሊዝ፣ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቪየት መርከቦች ይመጡ ነበር። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል ሰንደቅ የጊዮርጊስ ቀይ መስቀል ነው። ሁለት ጊዮርጊሶች በአንድ ወደብ፤ አንዱ በምስሉ፣ አንዱ በመስቀሉ ብቻ። የማኅተምና የጋሻ ልዩነት በዓይን የሚታይበት ቀን ቢኖር ያ ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ቀይ መስመሮች በነጭ ላይ፤ ከአድማስ ይለያል።

በ1967 ዓ.ም. ሁሉም ተለወጠ። አንበሳው ዘውዱን አወለቀ፤ የያዘው መስቀል በጦር ጫፍ ተተካ፤ ቆይቶ አንበሳው ራሱ ጠፋ። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ የነበሩት ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ፣ የንጉሡ የልጅ ልጅ፣ በኅዳር ወር ከተረሸኑት አንዱ ሆኑ። መርከቧ ግን ስሟን አልለወጠችም። ንጉሥም ይግዛ ደርግ፣ ኢትዮጵያ ኢትዮጵያ ነበረች። ስም ከአርማ በላይ የጠነከረበት አጋጣሚ ነው። በየካቲት 1982 ምጽዋ በሻዕቢያ እጅ ገባች፤ በግንቦት 1983 መርከቧ ወደ የመን ሄደች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለብረቷ ተሸጠች። የቀሩት ጀልባዎች ጅቡቲ ላይ ቆይተው በ1996 እ.ኤ.አ. ለጨረታ ቀረቡ።

አሁን ባሕር ኃይሉ እንደገና ተቋቁሟል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው ስምምነት ባሕር ኃይሉን ለመገንባት የሚሰጠውን ድጋፍ ይጨምር ነበር። አንድ ቀን መርከብ ቢኖር ስም ይወጣል፤ ስም ሲወጣ አርማ ይሣላል። ያን ጊዜ ኮሚቴ ይሰየማል፤ ኮሚቴው እንደ ልማዳችን ግድቡን፣ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ዋሊያን፣ የጤፍ ዛላን፣ መልሕቅን፣ ኮከብን አንድ ክብ ውስጥ ይከታል ብዬ እፈራለሁ። ከዚያ በፊት እኛ መተማ የተባለችውን መርከብ እንሣላት።

አንበሳ የሚል ይኖራል። በአላጥሽ ፓርክ አንበሳ አለ፤ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 አረጋግጠዋል፤ የውሸት አንበሳ አይሆንብንም። እኔ ግን አልጨምረውም። መርከቧ በአገሪቱ ሰንደቅ ሥር ስለምትሄድ ሌላው ቦታ የሌለውን ነገር መናገር አለባት፤ አንበሳ ግማሹ ዓለም ጋሻ ላይ አለ።

የዮሐንስን ዘውድና ሰይፍ የሚል ይኖራል። እዚህ ላይ ከብዙዎቻችሁ ጋር እንደምለያይ አውቃለሁ። ሐዘኑ የእኛ ነው፤ ቦታውም የእኛ ነው፤ በመጽሐፍ፣ በሐውልት፣ በቤተ ክርስቲያን ይታሰብ። መርከብ ግን ፖርት ሱዳን ስትገባ አዛዡ የአርማውን ቅጂ ለወደቡ ሹም ያበረክታል ብያችኋለሁ። ያ ሹም አርማውን ሲቀበል የ1881ን ጦርነት ሊቀበል ነው? መቅደላ የምትባለውን የእንግሊዝ መርከብ አስታውሱ። እኛም በተራችን ያንኑ ዓይነት መርከብ ልንሠራ አይገባም፤ ይልቁንም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ማዶ ከሚነደው ጦርነት የሚሸሽ ሰው በዚህ ድልድይ ሲገባ እያየን።

የጉሙዝ ቀስት ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ቅርጹ ከሩቅ ይለያል። ግን መሣሪያ ነው፤ የጦር መርከብ ላይ መሣሪያ መሣል ደግሞ የተነገረን ነገር መድገም ነው።

እኔ የምመርጠው የዕጣኑን ዛፍ ነው። ቅጠሉን አርግፎ በበጋ የቆመውን፣ ግንዱ ነጣ ያለውን፣ ልጡ እንደ ወረቀት የሚላቀቀውን፣ ቅርንጫፉ በአንድ እይታ የሚታወቀውን። ከባሕርም ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የግብፅ ንግሥት ሃትሼፕሱት ወደ ፑንት የላከቻቸው መርከቦች የዕጣን ዛፍ ከነሥሩ ጭነው ሲመለሱ በቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ ተቀርጸዋል። ፑንት የት ነበረች የሚለውን ምሁራን ይከራከሩበት፤ ዕጣንን ከመርከብ ጋር የሚያዛምድ ከዚያ የሚበልጥ ሥዕል ግን ዓለም የላትም። ዕጣን ደግሞ የቤተ ክርስቲያንም የቡና ረከቦትም የሱዳን ቤትም ነው፤ የሚሸተው አያጣላም።

መደቡን ቀይ አደርገዋለሁ፤ ዛፉ ነጭ። ማዕድን በቀለም ላይ፤ ሕጉ ተሟልቷል። በግንዱ ላይ የሚፋቁትን ቦታዎች በቀይ ማሳየት ይቻላል። የሚንጠባጠበውን ዕጣን በወርቅ ጠብታ ማሳየት የሚፈልግ ሠዓሊ ቢመጣ ግን ይጠንቀቅ፤ ወርቅ በነጭ ግንድ ላይ አይቀመጥም፤ ጠብታዎቹ ከግንዱ ወጥተው በቀዩ ላይ ይውደቁ። ከሥር ለጓንግ አንድ ነጭ ሞገድ፤ አንድ ብቻ። በመርከብ አርማ ውኃን በነጭና በሰማያዊ እየደራረቡ መሣል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በቀይ ላይ ሰማያዊ ከገባ ቀለም በቀለም ይሆናል፤ ጓንግም በበጋ ሰማያዊ ሆኖ አይቼው አላውቅም። መሪ ቃል? አልጽፍም። ባዶ ይሁን። ጽሑፍ ካስገባን ማኅተም ይመለሳል።

ሰሊጡን ለምን ተውከው የምትሉ እንዳላችሁ ፊታችሁ ላይ አያለሁ። የመተማ ኑሮ ሰሊጥ ነው፤ ጥጥም አለ። የሰሊጥ ቆባ ግን ከመቶ እርምጃ የሰሊጥ ቆባ መሆኑ አይለይም፤ ማሽላ ነው ይሉታል፣ ባቄላ ነው ይሉታል። ጥጥ ይሻል ይሆናል፤ ነጭ ፍንዳታ በቀይ ላይ። በዚያ ልትረቱኝ ትችላላችሁ። ከሰሊጥ ወገን የሆናችሁ ቅድሚያ አላችሁ፤ እጃችሁን አውጡና ከእናንተ እንጀምር።